እሳት ያልነካው ወተት

ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ። አሁንም የጀመርሁት ብርታት አግኝቼ አይደለም፤ ዝምታም እንደ ሥራ ስለሚያደክም ነው። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቴ ማጀት ያረረ ወተት ሸተተኝ። ቤቴ እንደ ገባሁ ወረቀት ፈለግሁ።

ያን ጊዜ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ልጅነቴን በዜማ ቤት፣ ወጣትነቴን በቅኔ ቤት አሳልፌ፣ ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ በአንድ ደብር በመሪጌትነት አገልግያለሁ። ሰው ሲሳሳት ማረም ሥራዬ ነበር። አንድ ዲያቆን ዜማ ቢያጎድል ከቆምሁበት ሆኜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ እርሱም ደንግጦ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ቃል አያስፈልገኝም ነበር።

ቤታችን ከሳሊተ ምሕረት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስንመጣ ዙሪያው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ፎቅ ከቦናል፤ ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖችም ጸሎት ያቋርጡናል። እኔና ባለቤቴ አስካለ በጓሮአችን አንዲት የፈረንጅ ዲቃላ ላም እናረባ ነበር። ጥቁር ሆና ግንባርዋ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች ስለምትመስል ሻሼ አልናት። ወተትዋን ለአንድ ቁርስ ቤት እንሸጣለን። በጾም ግን ቁርስ ቤቱ ወተት የሚጠጣ ደንበኛ ያጣል፤ እኛም አንቀምስም፤ ላም ደግሞ ጾም ገባ ብላ አትነጥፍም። ስለዚህ የጾም ወተት ለማይጾመው ጎረቤት ይሰጣል። ይህን ማንም አላዘዘንም፤ የቆየ ልማድ ነው።

የእኛ የጾም ወተት የሚሄደው ወደ ዘይነባ ቤት ነበር። ዘይነባና ባልዋ ሸምሱ ከስልጤ መጥተው ከአጥራችን ቀጥሎ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው ኢክራም ጡት የተወችው በዐቢይ ጾም መካከል ነበርና አስካለ ወተት ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየጾሙ፣ በየረቡዑና በየዐርቡም ጭምር፣ የሻሼ ወተት የኢክራም ሆነ። እነርሱም ባፈጠሩ ቁጥር፣ ለእኛ ብላ ዘይነባ ያለ ሥጋ የጠቀለለችው የምስር ሳምቡሳ ሳይደርሰን ቀርቶ አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን አስካለን ተከትዬ ሄጄ ነበር፤ ዘይነባ ወተቱን ተቀብላ ድስት ከተሰቀለበት ስታወርድ አየኋት።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አልኋት።

«ላፈላው ነዋ፣ አባባ።»

«ተዪ ልጄ፣ ከእሳት አታገናኚው። ወተት ገንፍሎ እሳት ላይ ከፈሰሰ የላሚቱ ጡት ይደርቃል። እኛን እናታችን በጥሬው ነው ያሳደገችን፤ ይኸው ስድሳ አልፎኝም ጥርሴ አልረገፈ።»

ሣቀችና ድስቱን መልሳ ሰቀለች። «እርስዎ ካሉ እሺ» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ቁርስ ቤቱ የሻሼን ወተት ቀኑን ሙሉ ሲያፈላ እንደሚውል አውቅ ነበር፤ ለእነርሱ ግን ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ለሚገዛኝ ሰው ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጥሁም። ቅድመ ሁኔታ ያኖርሁት በነጻ በሰጠሁት ላይ ነው።

ያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ነበር። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እነርሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ፤ መንደሩ ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ ይውላል። ሻሼም ከስታ ነበር። ፉሩሽካና ፋጉሎ አልቀነስንባትም፤ ትበላለች፤ የበላችው ግን የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የጎን አጥንትዋ ይቆጠራል፤ ጠዋት ጠዋት ደረቅ ሳል ታስላለች። ከወለደች ገና ሦስት ሳምንትዋ ነው፤ ጥጃዋ ድንቄ ከእናትዋ ይልቅ ታምራለች። አስካለ «ዓይን ነው» አለች፤ እኔ «እርጅና ነው» አልሁ። ጠበል ረጨንባት፤ ሳሉ አልተወም።

ኢክራም ያን ጊዜ ስድስት ዓመትዋ ነው። ከመስቀል ወዲህ ከመንጋጋዋ ሥር እብጠት ወጥቶባት ነበር። አያማትም፤ ነገር ግን ምግብ ጠላች፤ ስትተኛ ላብ ያጠምቃታል። ክሊኒክ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጣት፤ አልጠፋም። ዘይነባ ይዛት መጥታ «አባባ፣ እጅዎን ይጫኑባት፤ የእርስዎ እጅ በረከት አለው» ብላኝ እጄን ጭኜ ጸልዬላታለሁ። ሸምሱ ግን ትዕግሥቱ አልቆ፣ አገር ቤት እብጠት የሚቆርጥና የሚተኩስ ሰው እንዳለ አጣርቶ ነበር። የአጎቱ መኪና በመጪው ቅዳሜ ወደዚያ ይሄዳል፤ ልጅቱም አብራ ልትሄድ ተቆርጧል።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም በራችንን አንኳኳች። ዶክተር ሜሮን ትባላለች። ቦት ጫማ አድርጋ፣ በረዶ ያለበት ሣጥን አንጠልጥላ ነበር። ለጥጆች የሚሰጥ አዲስ ክትባት በየቤቱ እየተሞከረ መሆኑን ነገረችን። እኔ የሰማሁት ክትባት የሚለውን ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር ነው ያመጣሽ» አልኋት። «ይህችን አሮጊት ውጊልኝና እፎይ ልበል።»

«አባባ፣ ክትባቱ ለእሷ አይደለም። ለጥጃዋ ነው።»

«ጥጃዋማ ደኅና ናት። የታመመችው እናትዋ ናት።»

«ለዛ እኮ ነው። ክትባት የታመመን አያድንም፤ ያልታመመን ነው የሚጠብቀው። እሷን መጀመሪያ ቴስት ማድረግ አለብኝ።»

«በምን ጠረጠርሻት?»

«በቲቢ። በከብት ሳንባ ነቀርሳ። ቀስ እያለ ነው የሚጨርሳቸው አባባ፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ሰው መኖ ያነሳት ይመስለዋል።» ከሻሼ መንጋጋ ሥር ዳሰሰችና እጄን ያዘች። «እዚህ ጋ ይንኩ እስቲ።»

ነካሁ። እንደ እንቁላል ያለ፣ ጠጠር ያለ፣ ከጣቴ ሥር ሸርተት የሚል ነገር ነበር።

ከዚያ አንገትዋን ሁለት ቦታ ላጭታ፣ የቆዳውን ውፍረት በስስ የብረት መለኪያ ለክታ፣ ሁለቱንም ቦታ በትንሽ መርፌ ወጋች። «ዐርብ ጠዋት መጥቼ አነበዋለሁ። እስከዛ እንዳይነካ፤ ቅባትም ጠበልም እንዳታደርጉበት።»

አስካለ ተቆጣች። «ጠበል ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ጠበሉ ምንም አያደርግም እማማ፤ የእናንተ ማሸት ነው ልኬቴን የሚያበላሽብኝ።» ሣጥንዋን እየዘጋች፣ እንደ ዋዛ «ወተቱን አፍልታችሁ ነው አይደል የምትጠጡት?» አለች።

«የሚገዙን ሰዎች ያፈሉታል» አልኋት።

እውነት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ተንኮለኛ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

«ጥሩ። ካልፈላ ወደ ሰው ይሻገራል፤ በተለይ ሕፃናት ላይ» ብላ ወጣች። አስካለ አየችኝ። እኔ ጥጃዋን አየሁ።

ያን ዕለት ማታ ወተቱ እንደ ልማዱ ወደ ዘይነባ ቤት ሄደ። ረቡዕም ሄደ። አልከለከልሁም። ገና አልተረጋገጠም፣ በባዶ ሜዳ ሰው ማሸበር አይገባም እያልሁ ለራሴ አስረዳሁ። ራስን ማስረዳት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

ሐሙስ ጠዋት አንዱ የተወጋው ቦታ የሎሚ እኩሌታ አክሎ አበጠ። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ላሞች የሚያረባው ግርማ፣ ፋጉሎ ሊበደር መጥቶ አየው።

«መሪጌታ፣ ላምዎ ሎሚ አበቀለች እኮ!»

«የተከለችውማ ሐኪሟ ናት።»

ሣቁ ቶሎ ጠፋ። ጠጋ ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም። ነገ ስትመጣ ይቺን ላም ታስወግዳታለች። ስሙኝማ፣ ዱከም የሚገዛ ሰው አለኝ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ከነጥጃዋ ይወስዳታል። ልጅቷ ነገ ስትመጣ ‹ሸጥናት› ይሏታል፤ በቃ።»

«ሰውዬው ልጆች አሉት?»

«እኔ ላም ሽጡ አልኩ እንጂ የሰው ልጅ ቁጠሩ አልኩ? ደግሞ ሰው ዐወቀ አላወቀ… የእርስዎ ስም ነው መሪጌታ። ‹የመሪጌታ ወተት› እየተባለ የተጠጣ ነገር ነው። አስበውበታል?»

አስቤበት ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ከዚያ ሌላ ያሰብሁት አልነበረም።

«ከቅዳሴ ስመለስ እነግርሃለሁ» አልሁት። እንቢ አላልሁም።

በጾም ቅዳሴ የሚገባው ቀትር አልፎ ነው። መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። እግሬ ዝሎ፣ አፌ ደርቆ፣ አሳቤ በሻሼ አንገትና በኢክራም አንገት መካከል ይመላለስ ነበር። እኔ የምመራው ተራ ደረሰ፤ አልሰማሁም። አጠገቤ ከቆሙት አንዱ፣ እኔው ያስተማርሁት ወጣት፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሃምሳ ዓመት ሌላውን ያረምሁበት ድምፅ ወደ እኔ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ዜማውን አነሣሁ።

ስመለስ ኢክራም ከሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። መቋሚያዬን ነጥቃ ትከሻዋ ላይ ደገፈችው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው።

«አባባ፣ ሻሼም ትጾማለች እንዴ?»

«ላም አትጾምም።»

«ታዲያ ለምን ከሳች? እኔ የከሳሁት እንቢ ብዬ ስለማልበላ ነው። እሷ ትበላለች እኮ።»

 መልሴን አልጠበቀችም። «ቅዳሜ በመኪና አገር ልሄድ ነው! እዛ ዶሮዎች አሉ። ይቺን ሊያወጡልኝ ነው» አለች፤ አንገትዋን በጣትዋ እያሳየች። ቀጥላ ወደ ጆሮዬ ጠጋች። «ያማል እንዴ? አባዬ አያምም ይላል። ግን አባዬ ሲዋሽ ዓይኑን እንዲህ ያደርጋል።» ሁለት ዓይንዋን አጥብባ አሳየችኝ።

«እስቲ ልየው» አልሁና ዳሰስሁት። እንደ እንቁላል ያለ፣ ጠጠር ያለ፣ ከጣቴ ሥር ሸርተት የሚል ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እጄን ጭኜበታለሁ፤ እጄ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አሁን ዐወቀው።

«አባባ፣ እርስዎም ዓይንዎን እንደዛ አደረጉ» አለችኝ።

ግርማ ከግቢያችን በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። «እሺ?»

«አይሆንም።»

«ሰውዬውን ጠርቼው! መንገድ ላይ ነው!»

«መልሰው።»

«ይሁን። ጽድቁን ይብሉት» ብሎኝ ሄደ። ግርማን እንቢ በማለቴ ለዚያ ቀን የሚበቃኝን ያደረግሁ መሰለኝ። ማታ አስካለ ላሚቱን አልባ የወተቱን ጣሳ ስታነሣ ግን እጅዋን ያዝሁ።

«አትውሰጂ።»

«ምን ልበላት?»

«ላሚቱ ነጠፈች በያት።»

አስካለ አርባ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ ‹እርስዎ› ከማለት አንድ ቀን ዝቅ ብላ አታውቅም። ጣሳውን መሬት አስቀምጣ «እርስዎ በጾም ውሸት ሊያስተምሩኝ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ሄደች፤ እንዳልኋትም ተናገረች። ስትመለስ ራትዋን ሳትነካ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ወተቱን እኔው ከጓሮ ደፋሁት።

ዐርብ ጠዋት ዶክተር ሜሮን መጣች። መለኪያዋን አውጥታ ያበጠውን ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ደብተርዋ ላይ ጻፈች። ያለ መለኪያም ይታይ ነበር። ቀና ብላ ልትናገር ስትል የግቢው በር ተንኳኳ፤ ዘይነባ ናት። ግማሽ ጆንያ ፉሩሽካ በሁለት እጅዋ እየጎተተች ገባች። ጾመኛ ናት፤ ከንፈርዋ አመድ መስሎ ደርቋል።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ! እትዬ አስካለ ትናንት ሻሼ ነጠፈች ስትለኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገና ወልዳ? ወላሂ መኖ አንሷት ነው። ሸምሱም ‹ከሱቅ አውጪና ውሰጂላት› አለኝ።» ጆንያውን ሻሼ እግር ሥር ጣለችው። «ደግሞ አይሆንም እንዳይሉኝ። ስንት ዓመት ልጄን አጥብታልኛለች።»

 ሻሼ አሳለች።

«ፖዘቲቭ ናት አባባ» አለች ዶክተር ሜሮን ቀስ ብላ። «አዝናለሁ።»

«ምንድን ናት?» አለች ዘይነባ።

ሐኪሟ አፍዋን ከፈተች፤ ፊቴን አይታ ዘጋችው። አስካለ ከማጀቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ በዚያች ቅጽበት ብዙ ቃል ነበረኝ። ቃል መምረጥ፣ ቃል መሸፈን፣ በአንዱ ቃል ሌላውን መሰወር ዕድሜ ልኬን የተማርሁት ነው። ደክሞኝ ነበር። ከድካሜ የተነሣ ግልጡ ቃል ብቻ ቀረልኝ።

«ዘይነባ፣ ቁጭ በይ።»

«ምነው አባባ?»

«ላሚቱ አልነጠፈችም። እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። ነቀርሳ አለባት፤ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይሻገራል። የኢክራም አንገት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።»

አልተቀመጠችም። አንዴ ሻሼን አየች፤ አንዴ እኔን። «መቼ ዐወቁ?»

«ማክሰኞ ተጠራጠርሁ። ትናንት ዐወቅሁ።»

«ረቡዕ ጠጥታለች።»

«አዎን።»

ነጠላዋን አፍዋ ላይ ያዘች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮኽብኝ በቀለለኝ ነበር። እርስዋ ግን ከራስዋ ጋር እንደምትነጋገር ሁሉ በዝግታ «አላፈላሁትም» አለች። «ድስት አውርጄ ነበር እኮ። አውርጄ ነበር። እርስዎ ስላሉኝ መልሼ ሰቀልኩት።»



ዶክተር ሜሮን ቀርባ ክንድዋን ያዘች። «እህቴ፣ ስሚኝ። ከሆነም ይድናል፤ መድኃኒት አለው። ግን እንዳይቆረጥ፣ እንዳይተኮስ። ሆስፒታል ውሰዷት። ጥሬ ወተት ትጠጣ እንደነበረ፣ ላሟ ምን እንደተገኘባት ንገሯቸው። ሐኪሞቹ ይሄን ካላወቁ ሌላ ነገር ነው የሚፈልጉት፤ መድኃኒቱም ሊለያይ ይችላል። እኔ አሁኑኑ ወረቀት እጽፍልሻለሁ።»

ዘይነባ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ፉሩሽካውን ጥላው ሄደች።

ከዚያ በኋላ የጥጃዋ ተራ ሆነ። አስካለ የድንቄን ራስ በጉልበቶችዋ መካከል ያዘች፤ ሐኪሟ ከበረዶው ሣጥን ያወጣችውን ክትባት ሰጠቻት። በዐይን ጥቅሻ አለቀ። ያን ያህል ያስጨነቀን ሳምንት የተጀመረው ለዚህች መርፌ ነበር። «ይጠብቃታል?» አልሁ። «እርግጡን ገና እየተማርን ነው፤ ዕድሏን ግን ያሰፋላታል። ዛሬውኑ ከእናቷ ትለይ፤ የምትጠጣው የፈላ ይሁን» አለችኝ። ሻሼና ድንቄ በግንብ ተለያይተው ቀኑን ሙሉ ሲጠራሩ ዋሉ። በሳምንቱ ሻሼ በሐኪሟ ፊት ተወገደች፤ ከሥጋዋ ማንም አልቀመሰም።

ቅዳሜ የሸምሱ አጎት መኪና ያለ ኢክራም ሄደ። ሰኞ ሆስፒታል ሲሄዱ እኔም ከኋላ ተከተልሁ፤ ና አላሉኝም፣ ሂድም አላሉኝም። ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሸምሱ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። «መሪጌታ፣ ሌላ ሰው ቢሆን የምለውን አውቅ ነበር» አለኝና ተመለሰ። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ሲመጣ የተፈራው ሆነ። እኔና አስካለም ተመረመርን፤ ከእኛ አልተገኘም። ጥሬውን የጠጣ ሽማግሌ ነጻ ወጣ፤ ቃሉን ያመነች ሕፃን ግን ታመመች።

መድኃኒቱ ወራትን የፈጀ ነበር። ኢክራም ኪኒኑን ስታይ አፍዋን ትዘጋለች። አንድ ጠዋት ጩኸትዋን ሰምቼ ወደ ሱቁ ብሄድ፣ እኔን ስታይ ዝም አለች። «አባባ፣ ይሄ ይጣፍጣል ብለው ይዋሹ እስቲ፤ ዓይንዎን ልየው» አለችኝ። «አይጣፍጥም» አልኋት። «መራራ ነው። ግን ያድንሻል።» ትንሽ አሰበችና ዋጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትጨርስ ድረስ በየማለዳው ከዚያ ደረጃ ላይ ተገኘሁ። ዘይነባ ወንበር ታወጣልኛለች፤ አታናግረኝም። እብጠቱ ቀስ በቀስ ሟሸሸ፤ ልጅቱም ወፈረች።

በዚያው ፋሲካ ሰሞን፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ላም ያላችሁ አስመርምሩ፣ ጥጃ ያላችሁ አስከትቡ፣ ወተት የምትጠጡ አፍሉ አልሁ። ‹ገንፍሎ ከፈሰሰ ጡት ይደርቃል› ያልሁትን እኔው በአፌ አፈረስሁት። አንዳንዱ አመሰገነ፤ አንዳንዱ አጉተመተመ፤ ግርማ እስከ ዛሬ «ገበያችንን የዘጉብን» እያለ ይወቅሰኛል። ከዶክተር ሜሮን ጋር በር ለበር የዞርሁባቸው ቀኖችም አሉ። ጉልበቴ አልተባበረኝም፤ ያም ሆኖ ሄድሁ።

አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ፣ ጸሎቴንም ጾሜንም አልተውሁም። የተውሁት አንድ ነገር ነው። የማላውቀውን ነገር ‹እናቴ እንዲህ ትል ነበር› ብዬ፣ በሽበቴና በመቋሚያዬ አስደግፌ ለሚያምነኝ ሰው አልሰጥም። ዘይነባ ቃሌን ያከበረችው አላዋቂ ሆና አይደለም፤ ድስቱን አውርዳ ነበር። ከእጅዋ ያስጣላት ለእኔ ያላት አክብሮት ነው። ሰው ሲያከብረኝ አሁን ትንሽ እፈራለሁ።

ድንቄ አደገች። ሁለት ጊዜ ተመርምራ ንጹሕ ሆነች፤ ክትባቱ ይሁን፣ ከእናትዋ መለየትዋ ይሁን፣ የእግዚአብሔር ቸርነት ይሁን፣ ለይቼ አልናገርም። ዘንድሮ፣ ሁለቱ ጾሞች እንደገና በተገናኙበት ወር፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን ወለደች። አስካለ ጣሳውን ሞልታ «ምን እናድርገው?» አለችኝ። ወደዚያ በር ይዘሽው ሂጂ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ሁለት ቀን ለጥጃው ተውነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይነባ የራስዋን ጣሳ ይዛ ከጓሮአችን ቆመች።

«የጾም ወተት የለም እንዴ በዚህ ቤት?» አለች።

አስካለ ሞላችላት። ዘይነባ ጥቂት ሄዳ ዘወር አለች። «አባባ፣ እርስዎም ይምጡ» አለችኝ።

ተከትያት ማጀትዋ ገባሁ። ያንኑ ድስት አወረደች፤ ወተቱን ገልብጣ ምድጃ ላይ ጣደችውና ኢክራምን «ጠብቂው» ብላ ሱቁን ልታይ ወጣች። ኢክራም አሁን ዘጠኝ ዓመትዋ ነው፤ ከእኔ ጋር ወሬ ከጀመረች ሌላ ነገር አትጠብቅም። ስለ አስተማሪዋ እያወራችኝ ሳለ ወተቱ ተነሣ፤ አረፋው ከድስቱ ከንፈር ዘለለና እሳቱ ላይ ፈሰሰ። ቸስ አለ፤ እርሩ ሸተተ።

«አባባ!» ብላ ጮኸች። «ጡቷ ይደርቃል!»

ዘይነባ እየሮጠች መጥታ ከበሩ ላይ ቆመች። ድስቱን አላነሣችም። የምታየው ወተቱን ሳይሆን እኔን ነበር።

«ይፍሰስ ልጄ» አልሁ። «ገና ደኅና አድርጎ ይፍላ።»